ፍተሻው ያልፋል፣ ገጹ ግን ይበላሻል፦ ስለ ወርድፕሬስ ቴም አውቶማቲክ ፍተሻ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ ለሆቴሎች፣ ለአንድ ኮሌጅና ለጥቂት የንግድ ድርጅቶች ድረ ገጽ የምንሠራ ሦስት ባለሙያዎች ነን። የሁሉም ደንበኞቻችን ገጽ በወርድፕሬስ (ድረ ገጽ መሥሪያና ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) የተሠራ ነው፤ አንድ ዋና ቴም (የገጹን መልክ የሚወስኑ ፋይሎች ስብስብ) አለን፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ደግሞ ከእርሱ የሚወርስ ቻይልድ ቴም አዘጋጅተናል። ዋናውን ቴም ባሻሻልን ቁጥር የአንዱ ደንበኛ ገጽ ይበላሻል። ቴም ቼክ የተባለው መመርመሪያ ምንም ስህተት አያሳይም፤ በፒኤችፒዩኒት (ወርድፕሬስ የተጻፈበትን የፒኤችፒ ቋንቋ ኮድ መፈተሻ) የጻፍናቸው ፍተሻዎችም ሁሉ ያልፋሉ። የገጾቹን ስክሪንሾት የሚያወዳድር ፍተሻ ስንጨምር በየቀኑ ብዙ ልዩነት እያወጣ ስላሰለቸን የሚፈቀደውን ልዩነት ወደ 5 በመቶ ከፍ አድርገን ዝም አሰኘነው። የቴም ፍተሻ በእርግጥ አውቶማቲክ ሊሆን ይችላል? ወይስ የግድ ሰው እያንዳንዱን ገጽ በዓይኑ ማየት አለበት?»

ምላሽ፦

ሊሆን ይችላል፤ ግን በጀመራችሁበት ቅደም ተከተል አይደለም። አንድ ገጽ ተበላሸ ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። ርዕሱ የጠፋ ካርድ፣ መሃል ላይ የተቋረጠ ገጽ፣ ከስክሪኑ ተርፎ ወደ ጎን የሚንሸራተት ሜኑ፣ በባዶ ሣጥኖች የተተካ ጽሑፍ፣ እነዚህ ሁሉ አለ ወይም የለም ተብለው የሚመለሱ ስለሆኑ ማሽን ከሰው በተሻለ ትጋት ይይዛቸዋል። የፎቶው አቆራረጥ ለሆቴሉ ይስማማል ወይ፣ አዲሱ ቀለም ደስ ይላል ወይ የሚለውን ግን የትኛውም መሣሪያ አይፈርድም። የጠቀሳችኋቸው ሦስት መሣሪያዎች ሁሉም ጠቃሚ ናቸው። ችግሩ እያንዳንዳቸው የማይመልሱትን ጥያቄ እንዲመልሱ መጠየቃቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍተሻው የሚካሄድበት ይዘት ደንበኞቻችሁ በየቀኑ የሚያስገቡትን ይዘት የማይመስል መሆኑ ነው። ቴም በአብዛኛው የሚበላሸው ሠሪው ያልጠበቀው ጽሑፍ፣ ፎቶ ወይም ቅንብር ሲገባበት ስለሆነ፣ ሌላ መሣሪያ ከመጨመራችሁ በፊት የፍተሻ ይዘታችሁን አዘጋጁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ሁለቱ መሣሪያዎች የተያዘውን ግምት ማስተካከል ያስፈልጋል። ቴም ቼክ የቴሙን ፋይሎች እንደ ጽሑፍ አንብቦ ወርድፕሬስ በይፋዊው የቴም ማውጫ ለሚወጡ ቴሞች ካስቀመጣቸው መስፈርቶች ጋር ያስተያያል። የግድ መጠራት ያለባቸው ፈንክሽኖች መኖራቸውን፣ ጊዜ ያለፈባቸው ፈንክሽኖች አለመኖራቸውን፣ ለትርጉም የተዘጋጁ ሐረጎች በደንቡ መሠረት መጻፋቸውን ይመረምራል እንጂ አንድም ገጽ ከፍቶ አያይም። ምጣዱ በደንብ መወልወሉን ማረጋገጥ እንጀራው ዓይን ማውጣቱን አይነግርም። ፒኤችፒዩኒትም ቢሆን ብራውዘር የለውም፤ ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚገልጸውን ኮድ) አያነብም፣ ጃቫስክሪፕት አያስኬድም። የክፍል ዋጋ የሚያሰላ ወይም ቀን የሚቀይር ፈንክሽን ካላችሁ በእርሱ መፈተሻችሁ ተገቢ ነው፤ የቴምፕሌት ፋይሎችን (የየገጹን ዓይነት ንድፍ የያዙትን) ሁሉ በእርሱ ለመሸፈን መሞከር ግን ድካሙ ብዙ፣ ፍሬው ጥቂት ነው።

ያልተጠበቀ ይዘት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ የአማርኛ ገጾችን ደጋግሞ የሚያጠቃ አንድ ስህተት ቀረብ ብለን እንይ። ብዙ ቴሞች፣ በተለይ ከውጭ ገበያ የሚገዙት፣ በመነሻ ገጽ ካርዶች ላይ ርዕስ ሲረዝም «ሰብስትር» በሚባለው የፒኤችፒ ፈንክሽን 100 ላይ ይቆርጡታል። ይህ ፈንክሽን የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ አሃድ) ነው። ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት የዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት፣ በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ 1 ባይት ይይዛል። ስለዚህ በ100ው ባይት ውስጥ 4 ወይም 7 ክፍት ቦታ ካለ ቀሪው ለ3 ያለ ትርፍ ስለሚካፈል ርዕሱ በደህና ይቆረጣል፤ 5 ወይም 6 ካለ ግን የመጨረሻው ፊደል መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀው ፊደል በቀጥታ ከታተመ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ሆኖ ይታያል። ቴሙ ተጠንቅቆ ውጤቱን ለኤችቲኤምኤል (ገጹ ለሚጻፍበት ኮድ) በሚያጸዳው የወርድፕሬስ ፈንክሽን ካሳለፈው ደግሞ ይብሳል፤ ያ ፈንክሽን ትክክል ያልሆነ ዩቲኤፍ-8 ሲገጥመው ባዶ ጽሑፍ ስለሚመልስ ርዕሱ ከነአካቴው ይጠፋል። ደንበኛው ሰኞ ያወጣው ዜና በትክክል ይታያል፤ ማክሰኞ ያወጣው ርዕስ አልባ ካርድ ይሆንበታል፤ እናንተ ደግሞ ቢሮ ውስጥ በሌላ ርዕስ ስትሞክሩት ይሠራል። ማረሚያው ፊደል የሚቆጥረውን «ኤምቢ ሰብስትር» መጠቀም ነው። በእንግሊዝኛ የናሙና ጽሑፍ የሚካሄድ ፍተሻ ግን ሺህ ጊዜ ቢደጋገምም ይህን ስህተት ሊያገኘው አይችልም።

የዚህ ዓይነት ብዙ አለ። የወርድፕሬስ ቅንጭብ (ከጽሑፉ መጀመሪያ ተወስዶ ካርዱ ላይ የሚታየው) በመደበኛው 55 ቃል ላይ ይቆረጣል፤ ቃልን ከቃል የሚለየው ግን በክፍት ቦታ ነው። በድሮው ልማድ ቃላቱ በሁለት ነጥብ (፡) ብቻ ተለያይተው ያለ ክፍት ቦታ የተጻፈ ጽሑፍ እንደ አንድ ቃል ስለሚቆጠር አንቀጹ በሙሉ ካርዱ ላይ ይፈስሳል። የምድብ አድራሻ በአማርኛ ሲጻፍ ወርድፕሬስ በየጽሑፉ ላይ የሚያትመው የሲኤስኤስ ክላስ (መልክ ለመስጠት የሚያገለግል መለያ) በምድቡ ስም ሳይሆን በመለያ ቁጥሩ ይሆናል። ይህ ቁጥር ከደንበኛ ደንበኛ ስለሚለያይ ለዜና ምድብ በስሙ ቀለም የሰጠ ቴም በእንግሊዝኛው ገጽ ቀለሙን ያሳያል፣ በአማርኛው ያጠፋዋል። የመስመር ከፍታቸው ለላቲን ትናንሽ ፊደላት ተጠብቦ የተሰላና ከሣጥን የተረፈውን የሚደብቁ ርዕሶች የግዕዝ ፊደላትን አናት ወይም እግር ይቆርጣሉ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ሲዳሙ አፎ ይጨመራል፤ የሚጻፈው በላቲን ፊደል በመሆኑ በአማርኛ አንድ ፊደል የነበረው ድምፅ ሁለትና ሦስት ፊደል ይፈልጋል፤ ስለዚህ በአማርኛ በአንድ መስመር ልክክ ብሎ የገባ ሜኑ በሲዳሙ አፎ ወደ ሁለተኛ መስመር ይወርድና ከሥሩ ያለውን ፎቶ ይሸፍናል። ባለሦስት ቋንቋ ገጽ በአንዱ ቋንቋ ብቻ ተፈትሾ ተፈትሿል ሊባል አይችልም።

ስለዚህ የፍተሻ ይዘት አዘጋጁ። ወርድፕሬስ ለቴም ሠሪዎች ያቀረበው «ቴም ዩኒት ቴስት ዳታ» የተባለ ወደ ሙከራ ገጽ የሚገባ ፋይል አለ። ስሙ ቢያሳስትም በውስጡ ያለው ፍተሻ አይደለም፤ በጣም የረዘመ ርዕስ፣ ርዕስ የሌለው ጽሑፍ፣ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ገጽ፣ ደረጃ በደረጃ የተደራረበ አስተያየት፣ ጥልቅ ሜኑ፣ በየአቅጣጫው የተሰለፈ ፎቶ የመሳሰለ ሆን ተብሎ የተመረጠ ይዘት ነው። ከእርሱ ጀምሩና የራሳችሁን ጨምሩበት፦ የክፍት ቦታው ብዛት የተለያየ ሦስት ረጃጅም የአማርኛ ርዕሶች፣ በሁለት ነጥብ ብቻ የተለያየ አንቀጽ፣ በሲዳሙ አፎ የተጻፈ ሙሉ ሜኑ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ርዕስ፣ ዋና ፎቶ የሌለው ዜና፣ በስልክ ቁመቱን የተነሳ ፎቶ፣ ከዎርድ ላይ ተገልብጦ ከነቅርጹ የተለጠፈ ሰንጠረዥ። የመጨረሻው ይዘት እንደ ቀልድ ቢታይም የኮሌጅ ማስታወቂያ የሚያወጣ ሰው በሴሚስተሩ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ እንዳትዘሉት።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታችሁ ልምጣ፤ ዋናው ቴም ሲሻሻል አንድ ደንበኛ ለብቻው የሚበላሽበት ምክንያት በአብዛኛው ከቻይልድ ቴም አሠራር ይመነጫል። ቻይልድ ቴም የዋናውን ቴምፕሌት የሚተካው ፋይሉን በተመሳሳይ ስም በራሱ ፎልደር ውስጥ በማስቀመጥ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋናው ፋይል ምንም ቢሻሻል ደንበኛው የሚያየው የድሮውን ቅጂ ነው። ዋናው ቴም የክላስ ስሞችን ሲቀይር አዲሱ ሲኤስኤስ ከአሮጌው ኤችቲኤምኤል ጋር ይጋጠምና ገጹ ይፈርሳል። ተቃራኒውም አለ፦ ዋናው ቴም የፋይሉን ስም ከቀየረ የቻይልዱ ቅጂ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሥራ ያቆማል፣ የደንበኛው ልዩ ገጽም ወደ ተራው ይመለሳል። ከዚህ በተጨማሪ የቻይልዱ «ፈንክሽንስ» ፋይል ከዋናው ቀድሞ ስለሚጫን ዋናው ውስጥ ያለን ፈንክሽን ፋይሉ ሲጫን ወዲያውኑ የሚጠራ ቻይልድ ገጹን በሙሉ ይጥላል።

ለዚህ ብራውዘር እንኳን የማይፈልግ ርካሽ ፍተሻ አለ። ቻይልዱ አንድን ፋይል ሲገለብጥ በዚያች ሰዓት የነበረውን ዋና ፋይል ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አሻራ) አንድ ዝርዝር ውስጥ መዝግቡ። ከዚያ በኋላ ፍተሻው የዛሬውን ዋና ፋይል ሃሽ ከተመዘገበው ጋር ያስተያያል፤ ከተለያየ «ይህ ፋይል ከተገለበጠ በኋላ ዋናው ተቀይሯል፣ ቅጂው ይታይ» ብሎ ይቆማል፤ ዋናው ፋይል ጨርሶ ከሌለም ይጮኻል። ውኮመርስ (የወርድፕሬስ የመሸጫ ተጨማሪ ፕሮግራም) ለተተኩ ቴምፕሌቶች የሥሪት ቁጥር እያወዳደረ ያረጁትን በሥርዓት ሁኔታ ገጹ ላይ የሚያሳየው በዚሁ ሐሳብ ነው። ካላችሁበት ችግር አንጻር ከሁሉ አስቀድሞ ቢሠራ የምመክረው ይህን ነው፤ ለመጻፍ ከግማሽ ቀን ያልበለጠ ሥራ ነው።

በብሎክ ቴም (ገጹ በሙሉ በብሎኮች በሚገነባበት) የምትሠሩ ከሆነ ሌላ ወጥመድ ተጨምሯል። በጃንዋሪ 2022 ከወጣው ወርድፕሬስ 5.9 ጀምሮ የገጹ ባለቤት በሳይት ኤዲተር (በወርድፕሬስ ውስጥ ባለው የቴምፕሌት ማረሚያ) አንድን ቴምፕሌት ቢነካ ለውጡ የሚቀመጠው በፋይል ሳይሆን በዳታቤዝ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፋይሉን ብታሻሽሉም የሚታየው በዳታቤዝ ያለው ነው። በንጹሕ ዳታቤዝ ላይ የሚካሄድ ፍተሻ ያልፋል፣ የደንበኛው ገጽ ግን ንቅንቅ አይልም። የሎጎ፣ የቀለምና የሜኑ ቦታ ቅንብሮችም በቴሙ ፎልደር ስም በዳታቤዝ ስለሚመዘገቡ ፎልደሩ ስሙን ከቀየረ ቅንብሩ ሁሉ የጠፋ ይመስላል። ስለዚህ ፍተሻው ከይዘቱ በተጨማሪ የእያንዳንዱን ደንበኛ ቅንብር መጫን አለበት። በዳታቤዝ የተሻሻሉ ቴምፕሌቶችን ዝርዝር ማውጣትም የፍተሻው አንድ ክፍል ይሁን።

ይዘቱና ቅንብሩ ከተዘጋጁ በኋላ የመጀመሪያው አውቶማቲክ ፍተሻ ያለ ስክሪንሾት ይሂድ። ከእያንዳንዱ የገጽ ዓይነት አንድ አንድ ውሰዱ፦ መነሻ፣ ነጠላ ጽሑፍ፣ ቋሚ ገጽ፣ ምድብ፣ ውጤት ያለውና የሌለው ፍለጋ፣ ያልተገኘ ገጽ። እያንዳንዱን ክፈቱና የምትጠብቁት ነገር መኖሩን ጠይቁ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ ሰርቨሩ 200 (ጥያቄው ተሳክቷል የሚል ቁጥር) ብሎ መመለሱ ገጹ ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። የገጹ መጀመሪያ ወደ ብራውዘሩ ከተላከ በኋላ የፒኤችፒ ስህተት ቢያጋጥም ቁጥሩ ሊቀየር ስለማይችል ግማሽ ገጽ 200 ተብሎ ይደርሳል። ስለዚህ የግርጌው የመጨረሻ ምልክት መኖሩን፣ የገጹ ዋና ርዕስ አንድና ባዶ ያልሆነ መሆኑን፣ የካርዶቹ ርዕስ ሁሉ ጽሑፍ እንዳላቸው፣ የቋንቋው ምልክት ከገጹ ቋንቋ ጋር እንደሚስማማ፣ ገጹ በ360 ፒክስል ስፋት ወደ ጎን አለመንሸራተቱን አረጋግጡ። ይህ የመጨረሻው የይዘቱን ስፋት ከመስኮቱ ስፋት ጋር በማወዳደር በአንድ መስመር ኮድ የሚለካ ሲሆን የተትረፈረፈ ሜኑንና ከዎርድ የመጣ ሰንጠረዥን ያለ ምንም ስክሪንሾት ይይዛል።

ከዚሁ ጋር የወርድፕሬስን የስህተት መዝገብ በሙከራው ሰርቨር ላይ ክፈቱ፤ ፍተሻው ሲጀምር ባዶ አድርጉት፣ ሲያልቅ ባዶ ካልሆነ ፍተሻው ይውደቅ። የፒኤችፒ ሥሪቱ ደንበኛው ከሚያርፍበት ሆስቲንግ ጋር አንድ ይሁን። በ2020 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የወጣው ፒኤችፒ 8.0 ቀድሞ በዝምታ ወይም በቀላል ማሳሰቢያ ያልፋቸው የነበሩ ብዙ ነገሮችን አጥብቋል፤ ባዶ እሴት ላይ መቁጠሪያ ፈንክሽን መጥራት በ7.4 ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር፣ በ8 ገጹን ያቆመዋል። ሆስቲንጉ ሥሪቱን ሲያሳድግ የሚወድቁት አሮጌ ቴሞች አብዛኞቹ በዚህ ምክንያት ነው። ስህተቶችን ለጎብኚ የሚያሳየውን ቅንብር ግን በሕይወት ባለው ገጽ ላይ በፍጹም አትክፈቱ፤ የፋይል ዱካዎችን ለማያውቁት ሰው ታሳያላችሁ።

አሁን ስለ ስክሪንሾቱ። በየቀኑ ብዙ ልዩነት የወጣበት ምክንያት መሣሪያው ስለማይረባ አይደለም፤ ሙሉ ገጽ ስላስነሳችሁት ነው። ከላይ አንድ የዜና መስመር ሲጨመር ከሥሩ ያለው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ እያንዳንዱ ፒክስልም ተለወጠ ተብሎ ይቆጠራል። በዚህ ላይ ተንሸራታች ፎቶዎች፣ «ከ3 ሰዓት በፊት» የሚሉ ጽሑፎች፣ የጎብኚ ቆጣሪና ከውጭ የሚመጣ ካርታ ሲጨመሩ ምስሉ በተነሳ ቁጥር ይለያያል። 5 በመቶ መፍቀድ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። 1280 በ4000 ፒክስል የሆነ ገጽ 5,120,000 ፒክስል አለው፤ 5 በመቶው 256,000 ነው። 80 ፒክስል ቁመት ያለው የሜኑ አሞሌ በሙሉ 102,400 ፒክስል ብቻ ነው። ስለዚህ የሜኑው ጽሑፎች ከዳራው ጋር አንድ ቀለም ሆነው ሙሉ በሙሉ ቢሰወሩ፣ ግርጌውም አብሮ እንዲሁ ቢሆን፣ ፍተሻችሁ አልፏል ይላል። ፍተሻ ካልኖረ ሰው ቢያንስ ይጠራጠራል፤ የእናንተው ግን ሳያይ አይቻለሁ የሚል ነው።

ትክክለኛው አካሄድ ክፍሎችን ለየብቻ ማንሳት ነው፦ አናቱን፣ ሜኑውን ተከፍቶ፣ አንድ ካርድ፣ አንድ ቅጽ፣ ግርጌውን፤ እያንዳንዱን በስልክና በኮምፒውተር ስፋት። ፕሌይራይት የተባለው፣ ብራውዘርን በኮድ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ፣ ይህን በቀጥታ ይሠራል፤ ምስል ሲያወዳድር እንቅስቃሴዎችን ያስቆማል፣ ሁለት ተከታታይ ምስሎች አንድ እስኪሆኑ ይጠብቃል፣ የሚለዋወጡ ቦታዎችንም ትሸፍኑበታላችሁ። የሚፈቀደውን ልዩነት በመቶኛ ሳይሆን በጥቂት ፒክስሎች ወስኑ። መነሻ ምስሎቹን (አዲሶቹ የሚወዳደሩባቸውን) አንዱ በዊንዶውስ፣ ሌላው በሊኑክስ ኮምፒውተር እንዳያነሳ፤ የፊደላት ጠርዝ አሳሳል ከሥርዓት ሥርዓት ስለሚለያይ ሁሉም በአንድ ዓይነት ኮንቴነር (ለብቻው የተከለለ፣ በየትኛውም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት የሆነ የሶፍትዌር አካባቢ) ውስጥ ይነሱ።

ኮንቴነር ስል ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ይከተላል፤ በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ከሁሉም የሚበልጠው ነው። አነስተኛ የሊኑክስ ኮንቴነሮች ብዙ ጊዜ የግዕዝ ፎንት አይኖራቸውም። ቴሙ ፎንቱን ከኢንተርኔት የሚያመጣ ከሆነና የሙከራው ሰርቨር ከኢንተርኔት ከተቆረጠ፣ ወይም ቴሙ የአንባቢውን ኮምፒውተር ፎንት የሚጠብቅ ከሆነ፣ ጽሑፉ በሙሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይነሳል። መነሻ ምስሉም ሣጥን፣ የዛሬው ምስልም ሣጥን ስለሆነ ሁለቱ አንድ ናቸው ተብሎ ፍተሻው ያልፋል። በዲቢያንና በኡቡንቱ (በሊኑክስ ዓይነቶች) የኖቶ ዋና ፎንቶችን ወይም አቢሲኒካን አስቀድማችሁ ጫኑ፤ ከዚያም ይህንኑ የሚያረጋግጥ ትንሽ ፍተሻ ጻፉ። ብራውዘሩ ፎንቱ አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አያስተማምንም። የሚሻለው ስፋት መለካት ነው፦ «ነ»ን ሃያ ጊዜ ደጋግማችሁ ጻፉና ስፋቱን ለኩ፣ «ጨ»ንም እንዲሁ። በትክክለኛ ፎንት «ጨ» በግልጽ ትሰፋለች፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ የምታዩት ሣጥን ነው።

ቀንም እንዲሁ መቆም አለበት። የሙከራ ጽሑፎቹ የማይለወጥ ቀን ይኑራቸው። ፕሌይራይት የብራውዘሩን ሰዓት ማቆም ይችላል፤ ይህ ግን ፒኤችፒ በሰርቨሩ ላይ የሚያትመውን ቀን አይነካም። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሳይ ቴም ካላችሁ የቀን መቀየሪያውን በፒኤችፒዩኒት ፈትሹት፤ የፒኤችፒዩኒት ትክክለኛ ቦታው ይህ ነው። ተራ ቀን መርጦ መፈተሽ ግን ምንም አይጠቅምም። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነበር፣ አዲሱ ዓመት መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ በማግስቱ ሴፕቴምበር 12። ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ማለትም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ይውላል። የወር ስሞችን በ12 ብቻ ያዘጋጀ ቴም ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ ይከርምና በጳጉሜን የወሩን ስም ባዶ ያደርገዋል፤ ያ ሳምንት ደግሞ ሆቴሎቻችሁ የበዓል ማስታወቂያ የሚያወጡበት ነው።

ስለ ሥራው ቦታ ጥቂት ልበል። ፍተሻው በእናንተው ኮምፒውተር ላይ መሄድ መቻል አለበት። የዶከር ምስሎቹን (ስክሪንሾቶቹን ሳይሆን ኮንቴነሮቹ የሚነሱባቸውን ፋይሎች) አንድ ጊዜ አውርዳችሁ በፋይል አስቀምጡና በፍላሽ ተካፈሉት፤ ለእያንዳንዱ ሰው እንደገና ማውረድ የሞባይል ዳታ መጨረስ ነው። መብራት መሃል ላይ ሊጠፋ ስለሚችል ፍተሻው ሲጨርስ የሚያጸዳ ሳይሆን ሲጀምር ዳታቤዙን ከተቀመጠ ቅጂ የሚመልስ ይሁን፤ ያለዚያ ያልተጠናቀቀ ፍተሻ የተወው ትራፊ ቀጣዩን ያለ ጥፋቱ ይጥለዋል። ወርድፕሬስ ፕሌይግራውንድ ምንም ሳይጫን ወርድፕሬስን በብራውዘር ውስጥ ስለሚያስኬድ ለፈጣን ሙከራ ደህና ነው፤ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ሳይሆን ኤስኪውላይት ስለሆነ ግን የመጨረሻ ውሳኔ አትመሥርቱበት። የደንበኛውን ሕያው ዳታቤዝ እንዳለ ገልብጦ መፈተሻ ማድረግ ቢያጓጓም አታድርጉት። የእንግዶች ስምና ስልክ አለበት፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ ከዚያ ሌላ፣ የክፍል ማስያዣ ቅጹን የሚሞላ ፍተሻ ለእንግዳ መቀበያው እውነተኛ ኢሜይል ሊልክ ይችላል። ቅንብሩን ብቻ አውጡ፣ በሙከራው ሰርቨር ላይ ኢሜይል መላክን ዝጉ።

በድሩፓል (እንደ ወርድፕሬስ ያለ ሌላ የድረ ገጽ መሥሪያ) ለሚሠሩ አንባቢዎች ነገሩ ያው ነው። ሙሉ ገጽ የሚከፍቱት የድሩፓል የፍተሻ ክላሶች ለእያንዳንዱ ፍተሻ አዲስ ድሩፓል ስለሚጭኑ ቀርፋፎች ናቸው፤ ለቴም ብቻ ከሆነ አንድ ጊዜ በተዘጋጀ ገጽ ላይ በፕሌይራይት መሥራት ይቀላል። የትዊግ (የድሩፓል ቴምፕሌቶች የሚጻፉበት ቋንቋ) ዲበግ፣ ማለትም የስህተት መፈለጊያ ቅንብር፣ ሲከፈት የትኛው ቴምፕሌት ሥራ ላይ እንደዋለ በገጹ ምንጭ ውስጥ ስለሚጻፍ ከላይ ያልኩት የተተካ ፋይል ችግር እዚያ ቶሎ ይታያል።

ሰው የግድ የሚያስፈልግበት ቦታ ይቀራል። አውቶማቲክ ብራውዘር ኦፔራ ሚኒን አይተካም፤ በከፍተኛው የዳታ ቁጠባ ገጹ የሚዘጋጀው በኦፔራ ሰርቨሮች ላይ በመሆኑ በጃቫስክሪፕት ብቻ የሚከፈት ሜኑ እዚያ ላይከፈት ይችላል። የተደራሽነት መመርመሪያዎችም ለፎቶ መግለጫ መጻፉን እንጂ መግለጫው ትርጉም ያለው መሆኑን አያውቁም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በፊት አንዳችሁ ርካሽ ስልክ ይዛችሁ የሦስት ደንበኞችን መነሻ ገጽ በሞባይል ዳታ ክፈቱ። የሁሉንም ገጽ ሁሉ ማየት አያስፈልግም።

እንግዲህ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ፦ የሙሉ ገጽ መነሻ ምስሎቹን በሙሉ ሰርዙ፤ የተተኩ ፋይሎችን የሃሽ ፍተሻ ጻፉ፤ የፍተሻ ይዘቱን በሦስቱ ቋንቋ አዘጋጁ፤ የገጽ መክፈቻ ፍተሻውን ከስህተት መዝገቡ ጋር ለሁሉም ቻይልድ ቴሞች አስኪዱ፤ ስክሪንሾት ከዚህ ሁሉ በኋላ ለጥቂት ክፍሎች ብቻ ይምጣ። መነሻ ምስል የሚቀይረው ለውጡን የጻፈው ሰው አይሁን፤ ሌላው ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ ይፍቀድ። ደንበኛ ተበላሸ ብሎ ሲደውል ደግሞ ማረም ከመጀመራችሁ በፊት ያበላሸውን ርዕስ፣ ፎቶ ወይም ቅንብር ወደ ፍተሻ ይዘቱ ጨምሩ፣ ፍተሻው ሲወድቅ እዩ፣ ከዚያ አርሙት። ሳይወድቅ ካለፈ የምታርሙት ፍተሻውን ነው።